ክብደት ለመቀነስ የሚረዳ አመጋገብ በጅማ

ክብደትን ለመቀነስ የሚረዳ ጤናማ አመጋገብ ማለት ሰውነት በቀን ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ከምግብ እንዲያገኝ፣ ነገር ግን ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድናት እንዳይጎድሉት አድርጎ የመመገብ ልማድ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጅማ ይህ ልማድ አዲስ ዓይነት ምግብ መፈለግን አይጠይቅም። ዝናብ የማይጠፋበት አካባቢ በመሆኑ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ጎደሬ በገበያ የተለመዱ ናቸው፤ ሽሮና ምስርም ከየቤቱ አይጠፉም። የሚያስቸግረው ከምግቡ ጋር ሳይለካ የሚገባው ቅቤ፣ ዘይትና ስኳር ነው።

የክብደት ልክነት በቀላሉ የሚታወቀው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ በማካፈል ነው። ውጤቱ ለአዋቂ ሰው ከ18.5 እስከ 24.9 ሲሆን ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነና 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 29.4 ላይ ይውላል፤ ይህ ሰው ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶውን፣ ማለትም ከ4 እስከ 8 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ እንኳ የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ ሊሻሻል ይችላል። ቦርጭ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚከማች ስብ ክብደቱ ብዙ ባልሆነ ሰው ላይም ለስኳርና ለልብ ሕመም ያጋልጣልና።

አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የተነጠረ ቅቤም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሽንኩርቱ በዘይት ከተቁላላ በኋላ ወጡ ሲወርድ ደግሞ ቅቤ የሚጨመርበት ቤት ከሆነ፣ ጎመኑና ሽሮው በራሳቸው ቀላል ምግቦች ሆነው ሳለ ከባድ ሆነው ገበታ ላይ ይቀርባሉ። ሽንኩርቱን በውኃ እያበሰሉ ዘይቱን በጠርሙስ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ መስፈር ጣዕሙን ብዙ ሳይጎዳ ጉልህ ልዩነት ያመጣል። በቅቤ የሚታሸው የገብስ ዱቄት ጩኮና በቅቤ የሚጠበሰው የቡና ፍሬ ቡና ቀላ ግን የክብር ምግቦች ናቸው፤ በማንኪያ ቆጥሮ መብላት ለእነዚህ ነውር ይመስላልና፣ የበዓልና የእንግዳ ቀን ምግብ ሆነው ቢቆዩ ይበልጣል።

በቡና አገር ስለ ቡና ሳይነሳ አይታለፍም። ያለ ስኳርና ያለ ወተት የሚጠጣ ቡና ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሚሆን፣ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ እየጨመረ አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጣ ሰው በአንድ ተቀምጦ 24 ግራም ስኳር፣ ማለትም መቶ ካሎሪ ገደማ ይወስዳል፤ በቀን ሁለቴ ቡና የሚፈላበት ቤት ይህ እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በጨው መጠጣት የለመዱ አሮጊቶች ከስኳሩ አምልጠዋል፤ የሚያሳስባቸው የደም ግፊቱ ነው። የቡና ቁርሱም ቢሆን ከዳቦ ይልቅ ቆሎ ወይም ቅቅል በቆሎ ቢሆን፣ እሱም በእፍኝ ቢወሰን ይመረጣል።

ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያባርረው እንጀራን ነው። እንጀራ ግን ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት ይመስላል፤ የጤፍ እንጀራ አሰር ያለው ምግብ ነው፣ ችግሩ ብዛቱ ነው። ቆጮና ጎደሬም በአብዛኛው ስታርች ስለሆኑ እንጀራን ተክተው ሊበሉ እንጂ ተደርበው ሊበሉ አይገባም። በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፣ ጉርሻ ሲመጣም እንቢ ማለት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከትሪው ፊቱ የሚቀርበውን ግማሽ በጎመንና በሰላጣ አስሞልቶ የቀረውን ለእንጀራና ለምስር ወይም ለሥጋ መተው የቤተሰቡን ማዕድ ሳይበትን ልክን ያስጠብቃል። አቮካዶ ጤናማ ቅባት አለው፤ ቢሆንም 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ገደማ ስለያዘ በስኳር ተፈጭቶ በትልቅ ብርጭቆ ሲጠጣ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ አንድ ገበታ ምግብ ይሆናል።

የረመዳንም ሆነ የዐቢይ ጾም በራሱ ክብደት አይቀንስም። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው በአፍጥር ጊዜ በተምርና በሾርባ ጀምሮ ጥቂት ቆይቶ ቢበላ ጥጋቡ ይደርስለታል፤ በሳምቡሳና በጣፋጭ መጠጥ ከጀመረ ግን የቀኑን ቁጠባ በግማሽ ሰዓት ያጠፋዋል። ሥጋና ወተት የሚተው ጾመኛም በዘይት የተጠበሰውን ካበዛ ውጤቱ ያው ነው።

ጫት የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ይዘጋል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ፣ የሚቃመው ለውዝ፣ ኋላም ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ የሚወሰደው ቢራ ሲደመር፣ እንቅልፍ ማጣቱም ሲታከል፣ ለማቅጠኛ መያዙ ስህተት ነው። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚና ዝንጅብልም ስብ አያቀልጥም።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ተገቢ ፍጥነት ነው፤ በባጃጅ የሚኬደውን አጭር መንገድ በእግር መሄድ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መንቀሳቀስም ያግዛል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ግን ምግባቸውን ከመቀነሳቸው ወይም ከመጾማቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።