ከርቀት እየሠሩ የመጀመሪያ ቤት በብድር መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ብድር ልጠይቅ ስሄድ የያዝኩት የሥራ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር። ስሜ፣ የሥራ መደቤ፣ የወር ደመወዜ። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በትልቁ ታትሟል። የብድር ክፍሏ ሠራተኛ ደብዳቤውን አነበበች። ልገዛው ያሰብኩትን ቤት አድራሻ አየች። ተመልሳ ደብዳቤውን አየች።

«ቢሮዎ ከቤቱ 900 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በየቀኑ እንዴት ሊመላለሱ ነው?»

ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ የሚሠራ ወዳጅ ሁሉ ቤት መግዛት ሲያምረው ይደውልልኛል። የሚያነሳልኝ ግን ብዙውን ጊዜ ጥያቄ ሳይሆን ከሰው የሰማው ወሬ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳቸው።

«ከርቀት ለሚሠራ ሰው ባንክ አያበድርም»

ያበድራል። ወንበራችሁ የት እንደተቀመጠ ለባንኩ ጉዳዩ አይደለም። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። እዚያ ቤት ገብታችሁ ስትኖሩ ደመወዙ መምጣቱን ይቀጥላል ወይ? ከቤት መሥራት በወረቀት ተፈቅዶላችኋል ወይስ አለቃችሁ ለጊዜው አይቶ እንዳላየ እያለፋችሁ ነው? በቃል የተሰጠ ፈቃድ ባንክ ውስጥ አይቆጠርም። አለቃ ይቀየራላ።

ሁለተኛም ጥርጣሬ አለ። ቢሮው ሩቅ ከሆነ «ይሄ ሰው ቤቱን ሊያከራየው ይሆናል» ይላሉ። ራስ የሚኖሩበት ቤትና የሚከራይ ቤት በብዙ አገር ወለዳቸውም ቅድሚያ ክፍያቸውም አንድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ለመኖሪያ ብሎ የተበደረ ሰው የተለመደው ውል በ60 ቀን ውስጥ እንዲገባበትና ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲኖርበት ያስገድደዋል። ስለዚህ የ900 ኪሎ ሜትሩ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ ከመጀመሪያው የሚለየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሥራቸውን በቋሚነት ከመኖሪያ ቤታቸው ሆነው የሚያከናውኑ ሲሆን፣ ወደ ቢሮ መምጣት አይጠበቅባቸውም፤ የመኖሪያ አድራሻቸው መለወጥም ደመወዛቸውን አይቀንስም።» እያንዳንዷን ሐረግ ለምኜ ነው ያስጻፍኳት። «በቋሚነት» የሚለው ቃል ብቻ ሦስት ኢሜይል ፈጅቷል። የሰው ኃይል (ኤች አር) ክፍሉ «በአሁኑ ወቅት» ብሎ መጻፍ ይመርጥ ነበር። «በአሁኑ ወቅት» ለባንክ ማለት «ነገን አናውቅም» ማለት ነው።

ደብዳቤው ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ባንኩ ይደውላል። የሚደውለውም እናንተ በሰጣችሁት ቁጥር ሳይሆን ራሱ ፈልጎ ባገኘው ቁጥር ነው፤ ጓደኛችሁ አለቃ መስሎ እንዳያነሳ። እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁሉም ሰው ከቤቱ ነው የሚሠራው። ስልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ ለአራት ቀን ጮኸ። ፋይሌ ላይ «አሠሪው አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ በዚያ ሰዓት ከዚያው አሠሪ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እናንተ እንዲህ እንዳይገጥማችሁ ባንኩ በምን መንገድ እንደሚያጣራ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኤች አሩንም «በዚህ ሳምንት ይደውሉልሃል» ብላችሁ አስጠንቅቁት።

«ገንዘቡ በየወሩ እስከገባ ድረስ ቋሚም ሆንኩ ኮንትራት ያው ነው»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አሠሪው ሩቅ ሲሆን፣ በተለይ ሌላ አገር ሲሆን፣ የሚያስፈርመው አብዛኛውን ጊዜ የቅጥር ውል ሳይሆን የአገልግሎት ውል ነው። ሥራው ያው ነው። የሰኞ ስብሰባም አለ። የሚቆጣ አለቃም አለ። በባንኩ ዓይን ግን እናንተ ሠራተኛ ሳትሆኑ አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ትንሽ ነጋዴ ናችሁ።

ነጋዴ ደግሞ የሚመዘነው በግብር ወረቀቱ ነው። በብዙ ቦታ የሁለት ዓመት ይጠየቃል። የሁለቱ ዓመት ገቢ ተደምሮ ለ24 ወር ይካፈላል። አምና በወር 60 ሺህ፣ ዘንድሮ 100 ሺህ ብታገኙ ባንኩ የሚያውቀው 80 ሺህ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ገቢያችሁ ከአምናው ከቀነሰ ግን አማካዩን ትቶ ዝቅተኛውን ሊይዝ ይችላል።

ከዚህም የሚያናድደው የወጪው ነገር ነው። ግብር እንዲቀንስልን ብለን ኮምፒውተሩንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ የቤቱን አንድ ክፍልም ወጪ ብለን እናስይዛለን። ባንኩ የሚያየው ከወጪ በኋላ የቀረችውን ነው። ለግብር ሰብሳቢው ድሃ፣ ለባንኩ ሀብታም ሆኖ መቅረብ አይቻልም። ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ ሁለት ዓመት ቀድማችሁ ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ሌላም መንገድ አለ። በየአገሩ ሠራተኛን በስማቸው ቀጥረው፣ ግብርና ጡረታ ቆርጠው ደመወዝ የሚከፍሉ አማካይ ድርጅቶች አሉ። አሠሪያችሁ በእነሱ በኩል እንዲቀጥራችሁ ካስማማችሁት በምትኖሩበት አገር ሕግ ሠራተኛ ትሆናላችሁ። ጣጣው ደብዳቤው ላይ የሚወጣው ስም የአማካዩ መሆኑ ነው። ሳትጠየቁ አስረዱ። ለውጡንም ብድሩን ከመጠየቃችሁ ብዙ ወራት በፊት ጨርሱት። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለን ሰው የብድር ገምጋሚ አይወደውም።

«ደመወዜ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ እንዲያውም ባንኩ ይሻማብኛል»

ጎረቤት ሲቀናባችሁ ባንኩ ይፈራችኋል። ብድሩ በአንድ ገንዘብ፣ ደመወዙ በሌላ ገንዘብ ከሆነ ዛሬ የደመወዛችሁ ሩብ የሆነ ክፍያ ምንዛሪው ሲዞር ሲሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ አበዳሪዎች የውጭ ገቢን ሲያሰሉ ከላዩ ላይ ቀንሰው ነው።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ፖላንድና ሃንጋሪ ውስጥ ብዙ ሰው ወለዱ ዝቅ ያለ ነው ብሎ በስዊስ ፍራንክ ተበድሮ ቤት ገዛ። ደመወዙ ግን በዝሎቲና በፎሪንት ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይዞት የቆየውን ገደብ በድንገት ተወ። ፍራንክ በዚያው ቀን ተተኮሰ፤ በፍራንክ ያለ ዕዳም አብሮት አበጠ። የሃንጋሪ መንግሥት ብድሮቹን ወደ ፎሪንት ለማዞር ቀደም ብሎ ወስኖ ስለነበር የእሱ ሰዎች ከዚያኛው ዱላ ተረፉ። ፖላንዶቹ ግን ከባንኮቻቸው ጋር ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የቤት ብድር መመሪያ እንዲህ ያለውን ነገር ያስታውሳል። የተበዳሪው ገቢ ከብድሩ ገንዘብ የተለየ ከሆነ ብድሩን «የውጭ ምንዛሪ ብድር» ይለዋል። ብድሩን ወደ ሌላ ገንዘብ የማዞር መብት ወይም ሌላ መከላከያ እንዲኖር ያዛል። በምንዛሪው ለውጥ የተነሣ የዕዳው ወይም የክፍያው ጭማሪ ከ20 በመቶ ሲያልፍ ባንኩ ተበዳሪውን ማስጠንቀቅ አለበት። ለተበዳሪው ጥሩ ጥበቃ ነው። ለባንኩ ግን ራስ ምታት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ባንክ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ በትሕትና ይሸኘዋል። አንዱ እንቢ ቢላችሁ ሌላውን ሞክሩ፤ በዚህ ጉዳይ ባንክና ባንክ በጣም ይለያያል። የተወሰኑ ወራት ክፍያ በብድሩ ገንዘብ አስቀምጣችሁ ብትሄዱ ደግሞ ወሬው ይቀላል።

«ደመወዜ ትልቅ ነው፤ ምን ያስቸግረኛል?»

ባንክ የደመወዙን መጠን ብቻ አያይም። ከደመወዙ ላይ ስንቱ አስቀድሞ የሌላ ሰው እንደሆነም ያያል፤ የመኪና ብድር፣ ክሬዲት ካርድ፣ የትምህርት ዕዳ። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያ ቤት ገዢ በመደበኛው የሚፈቀድለት የዓመት ገቢውን 4 እጥፍ ነው፤ ቀድሞ 3.5 ነበር። ቀመሩ በየአገሩ ይለያያል። ቦነስና አክሲዮን ያለበት «ጠቅላላ ክፍያ» ተብሎ የተነገራችሁን ቁጥር ግን የትም ይዛችሁ አትሂዱ። ያለ ክርክር የሚቆጠርላችሁ መሠረታዊ ደመወዙ ነው።

«ቅድመ ማረጋገጫ አገኘሁ፤ አለቀ ደቀቀ»

አላለቀም። ቅድመ ማረጋገጫ ማለት «በዛሬው ሁኔታህ ከሆነ ልናበድርህ እንችላለን» ማለት ነው። ከፊርማው በፊት እንደገና ያጣራሉ። አሜሪካ ውስጥ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜይ መመሪያ መሠረት አበዳሪው ከብድሩ ቀን በፊት ባሉት 10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሰውየው ዛሬም ሥራው ላይ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ያ የባዶ ቢሮ ስልክ እንደገና ይጮኻል ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሥራ አትቀይሩ። የተሻለ ደመወዝ ቢመጣም ቁልፉን እስክትረከቡ አቆዩት። ለአዲሱ ሳሎን ብላችሁም ሶፋ በዱቤ አትግዙ። ሶፋ ቤት አስቀርቶበት የሚያውቅ ሰው አለ ስላችሁ እየቀለድኩ አይደለም።

«ሥራዬ ከርቀት ነው፤ ቤት ርካሽ የሆነበት ሄጄ ልግዛ»

ሐሳቡን እወደዋለሁ። እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። ግን «ከርቀት» እና «ከየትም» አንድ አይደሉም። አገር ወይም ክልል ስትቀይሩ አሠሪው እዚያ ግብር ለመቁረጥ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ ድርጅት ሠራተኞቹ የሚኖሩባቸውን ቦታዎች ቆጥሮ ይወስናል። ደመወዝም ከቦታ ጋር ሊወርድ ይችላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ከቤት መሥራትን ሲፈቅድ ርካሽ ቦታ የሄደ ሰው ደመወዙ እንደሚስተካከል አብሮ ተናግሯል። «ይስተካከላል» ሲሉ ወደ ላይ ማለታቸው አልነበረም።

ፈቃዱም ይሰረዛል። አማዞን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የቢሮ ሠራተኞቹ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሳምንት አምስቱንም ቀን ቢሮ እንዲገቡ አስታውቋል። በመካከል ሩቅ ሄዶ ቤት የገዛ ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም።

«እንዲያ ከሆነ ሽጬ እመለሳለኋ» የሚል አለ። ሒሳቡን እንየው። 100 ሺህ በ6 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብትበደሩ የወር ክፍያው ወደ 600 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሳታጓድሉ ስትከፍሉ በድምሩ 36 ሺህ ገደማ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ዕዳውን የቀነሰው 7 ሺህ ያህሉ ብቻ ነው። 29 ሺህ ያህሉ ወለድ ሆኖ ሄዷል። ገና 93 ሺህ አለባችሁ። የደላላውንና የስም ማዛወሪያውን ጨምሩበት። የቤት ዋጋ ካልጨመረ ቶሎ መሸጥ ያከስራል።

እኔ ከመፈረሜ በፊት ራሴን የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ይህ ሥራ ነገ ቢቀር፣ እዚህ ቤት ሆኜ ሌላ ሥራ አገኛለሁ? መልሱን ለማግኘት ሦስት ቦታ አመለከትኩ። አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ቤቱን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ከሌለህ አትሞክር»

ግዴታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በመንግሥታዊው የቤት ብድር ዋስትና ሰጪ በኤፍ ኤች ኤ ዋስትና የሚሰጠው ብድር የብድር ነጥቡ (ዕዳ አከፋፈሉን የሚያሳየው ውጤት) 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ከ3.5 በመቶ ይጀምራል። ካናዳ ውስጥ ዋጋቸው ዝቅ ላሉ ቤቶች ከ5 በመቶ ነው። ብድሩ ባይከፈል አበዳሪውን የሚክሰውን ኢንሹራንስ ግን ትከፍላላችሁ። አሠሪው ሩቅ ለሆነ ሰው በእጅ የሚቀር መጠባበቂያም ይጠቅማል፤ ያላችሁን ሁሉ ለቅድሚያ ክፍያ አታራግፉት።

«ቤቱ ኢንተርኔት አለው ብለውኛል»

የባንኩ ገማች ግድግዳ ይለካል፣ ጣሪያ ያያል። ኢንተርኔት አይለካም። ሻጩን ስጠይቀው «ኧረ በጣም ፈጣን ነው!» አለኝ። አላመንኩትም። ላፕቶፔን ይዤ በሥራ ሰዓቴ ሄድኩና ሳሎኑ ውስጥ ቆሜ ለባልደረባዬ የቪዲዮ ጥሪ ከፈትኩ። ጥሩ ነበር። ቢሮ ላደርገው ወዳሰብኩት የጓሮ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ግድግዳው የድሮ ነው፣ ወፍራም። የባልደረባዬ ፊት አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ቤቱን ገዛሁት። የምሠራው ሳሎን ነው።