ያለ ደላላ የተገዛ ቤት ውሉ ይጸናል?

ደብረ ብርሃን ቤት የምትፈልጉ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አዎ፣ ይጸናል። ደላላ ገዥና ሻጭን ያገናኛል እንጂ ውሉን ሕጋዊ የሚያደርገው እሱ አይደለም።

ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ (ደላላ ሳይሆን ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው አካል) ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጠባሴ አካባቢ ቤት አገኛችሁ እንበል። ከሻጩ ሳሎን ቡና እየጠጣችሁ ወረቀት ተፈራረማችሁ፤ ሦስት ሽማግሌዎች መሰከሩ፤ ቀብድ ከፈላችሁ። ደላላው አጠገባችሁ ቢቀመጥም ያ ወረቀት ብቻውን ስም አያዞርላችሁም። እባካችሁ፣ ብር ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ። ካርታው በማን ስም ነው? የባንክ ዕዳ አለበት? የፍርድ ቤት እግድስ? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። «እሷ ተስማምታለች» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

የስም ማዛወሪያ ወጪው ግን እንደ ቤቱ ግምትና እንደ ከተማው ይለያያል። ሸዋ ሮቢት የከፈለ ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ላይ አታስሉ፤ እዚያው ጠይቁ። ደላላ ካስገባችሁም ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።