ጌራርዶ ቦሲዮ፤ ከጅማ እስከ ቲራና

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳን የማያውቅ የለም። ስሙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከዚህ ሰፈር ታሪክ ጋር ከሚነሱት አርክቴክቶች አንዱ ጌራርዶ ቦሲዮ ነው።

ቦሲዮ በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጣልያን አገር ፍሎረንስ ተወለደ። ጌጥ የሌለው ግድግዳ፣ ቀጥ ያለ መስመር ከሚወዱት የዘመኑ ወጣት አርክቴክቶች ወገን ነበር። ኢትዮጵያ የመጣው ከጣልያን ወረራ ጋር ነው። ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ በጎንደር፣ በደሴና በጅማ ፕላኖች ላይ ሠርቷል። ይበልጥ የሚታወቀው በጎንደር ነው፤ የዛሬዋን ፒያሳ ያየ ሰው እጁን ያውቃል። ከዚያ ወደ አልባኒያ ሄደ። በዋና ከተማዋ በቲራና ትልቁ ጎዳና ጫፍ የፋሺስት ፓርቲውን ሕንፃ ነደፈ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። የነደፈው ስታዲየም ግን በ2016 ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል። ቦሲዮ በ1941 ሞተ፣ 40 ሳይሞላው። ጣልያንም ከጅማ የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ወደ ጅማ እንመለስ። ጣልያን ሲመጣ ቦታው ባዶ ሜዳ አልነበረም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እስከ 1932 ድረስ ነግሠው የኖሩት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ከታች ሂርማታ የታወቀ ገበያ ነበር፤ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ይጎርፍበታል። ጣልያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ሲያደርጋት፣ ከተማዋን እዚሁ ገበያ ጎን፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ዘረጋት።

የዘመኑ ፕላን ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ነጩ ለብቻው፣ ያገሩ ሰው ለብቻው ይኑር። መስመሩ ሲያዩት ያምራል። የተሰመረው ግን ለመለያየት ነው፤ እኔ ይህን ሳላነሳ ስለ ውበቱ ማውራት አይሆንልኝም። አምስት ዓመት ደግሞ አጭር ነው፣ ከታሰበው ብዙው ወረቀት ላይ ቀረ። «ጣልያን ሠራው» እንላለን እንጂ ድንጋይ የተሸከመውና ጭቃ የረገጠው ያገራችን ሰው ነው።

በየመንገዱ ያሉትን የዘመኑን ቤቶች ሁሉ ቦሲዮ ነደፋቸው ማለት አይደለም። ፕላን አንድ ነገር ነው፣ ቤት ሌላ። ቤቶቹ ግን ያስታውቃሉ። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ መስኮታቸው የእንጨት መዝጊያ አለው፣ ቆርቆሯቸው ዝጎ የተቆላ ቡና መስሏል። የጅማ ክረምት ለልስን አይራራም። አንዱ ቤት ጥግ ላይ ልስኑ ተቦርቡሮ ድንጋዩ ይታያል። ዳር ዳሩን ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተደራርቧል፤ ከሥር ክሬም፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከላይ አረንጓዴ። ከበሩ አጠገብ በርጩማ ተደርድሯል፣ ለሽያጭ።