«አረመኔዎች ያላደረጉትን ባርቤሪኒዎች አደረጉት»፦ የአንድ የሮማ አባባል ትርጉምና መነሻ

«ክዎድ ኖን ፌቼሩንት ባርባሪ፣ ፌቼሩንት ባርቤሪኒ» የሚለው የላቲን አባባል «አረመኔዎች ያላደረጉትን ባርቤሪኒዎች አደረጉት» ማለት ነው። ጥበቡ ያለው «ባርባሪ» (አረመኔዎች) እና «ባርቤሪኒ» (የመኳንንት ቤተሰብ ስም) በተባሉት ቃላት መመሳሰል ላይ በመሆኑ ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሮማን በ410 ጎቶች፣ በ455 ደግሞ ቫንዳሎች ዘርፈዋታል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነርሱ የተዉትን የወሰዱት ግን የከተማዪቱ የራሷ ጌቶች ናቸው ሲል አባባሉ ይከስሳል።

የክሱ መነሻ ነሐስ ነው። በ1623 ማፌዮ ባርቤሪኒ ኡርባኖስ 8ኛ ተብለው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትነት መንበር ተቀመጡ፤ በ1625ም ፓንቴዎን ከተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የመግቢያ ጣሪያ ላይ የነሐሱን ተሸካሚ አግዳሚዎች አስነቀሉ። ሕዝቡ ነሐሱ በሙሉ ቀራጺውና አርክቴክቱ ቤርኒኒ በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር ላይ ላቆመው ታላቅ ድባብ እንደዋለ ያወራ ነበር፤ በእርግጥ ግን አብዛኛው ቀልጦ የሳንታንጄሎ ምሽግ መድፍ ሆኗል። ጳጳሱ ሥራቸውን አልደበቁም፤ በ1632 በዚያው በፓንቴዎን መግቢያ ባስቀረጹት ጽሑፍ፣ የወሰዱት «ጥቅም የሌለው ጌጥ» እንደነበረና ለመቃብሩ ክብርና ለሕዝብ ደኅንነት እንደዋለ ገልጸዋል። ለእኔ ከነሐሱ መነቀል ይልቅ የሚከብደው ይህ «ጥቅም የሌለው» የሚል ቃል ነው።

ቤተሰቡ ስለ ራሱ ሊናገር የፈለገውን ለመስማት ግን በኲሪናሌ ኮረብታ ተዳፋት ላይ ወዳለው ፓላትሶ ባርቤሪኒ (የባርቤሪኒዎች ቤተ መንግሥት) መሄድ ያስፈልጋል። ቦታው በ1625 ከስፎርዛ ቤተሰብ የተገዛ ሲሆን አርክቴክቱ ካርሎ ማዴርኖ ግንባታውን በ1627 ጀመረ። የሮማ መኳንንት ቤት እስከዚያ ድረስ ግቢውን በአራት ማዕዘን ሕንፃ ከብቦ በመንገዱ ላይ ፊቱን የሚዘጋ ነበር፤ ማዴርኖ ግን ሁለት ክንፎችን በመሐል ሕንፃ አገናኝቶ ቤቱን እንደ ገጠር መዝናኛ ቪላ ወደ ፊት ከፈተው። እርሱ በ1629 ሲሞት ሥራውን ቤርኒኒ ተረከበ፤ ወጣቱ አርክቴክት ቦሮሚኒም አብሮት ሠራ። ኋላ ብርቱ ተቀናቃኞች የሆኑት የእነዚህ ሁለት ሰዎች ልዩነት ዛሬም በደረጃዎቹ ይታያል፦ በግራ በኩል የቤርኒኒ ሰፊና ግርማ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ደረጃ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ በጥንድ ዓምዶች ታጅቦ በእንቁላል ቅርጽ እየተጠማዘዘ የሚወጣው የቦሮሚኒ ደረጃ።

በታላቁ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ፒዬትሮ ዳ ኮርቶና ከ1632 እስከ 1639 የሣለው «የመለኮታዊ መግቦት ድል» ይታያል። በሥዕሉ የቤተሰቡ አርማ የሆኑት ሦስት ንቦች ወደ ሰማይ ሲበሩ፣ በላያቸውም የጳጳሱ ዘውድና ቁልፎች ከፍ ብለው ይታያሉ። ጣሪያው ሥልጣናችን ከሰማይ የተሰጠ ነው ይላል፤ በመንገዱ ላይ ያለው አባባል ደግሞ ከአረመኔ በታች ናችሁ ብሎ ይመልሳል። በሮማ እንዲህ ያለው ስም አልባ ትችት ፓስኲኖ በተባለው የተሰባበረ ጥንታዊ ሐውልት ላይ በጽሑፍ ይለጠፍ ስለነበር፣ ባለሥልጣን ሊቀጣው የሚችል ጸሐፊ በቀላሉ አይገኝም ነበር።

ጳጳሱ በ1644 ሲሞቱ የወንድማቸው ልጆች ምርመራ ተከፍቶባቸው ወደ ፈረንሳይ ሸሹ፤ ቤቱም ለጊዜው ተወረሰ። በ1949 የጣሊያን መንግሥት ገዛው፤ ዛሬ የሠዓሊው ካራቫጆ «ዮዲትና ሆሎፎርኒስ» የሚታይበት ብሔራዊ የሥዕል ቤት ነው። አባባሉም በጣሊያን የራሱን ቅርስ የሚያፈርስ ሹም ሁሉ የሚወቀስበት ሆኖ ቀርቷል።

አባባሉ የማይናገረውም አለ። ቤተሰቡ በዚህ ቤት የሰበሰበው ቤተ መጻሕፍት በ1902 ወደ ቫቲካን ተዛውሯል፤ ከመጻሕፍቱም መካከል የዳዊት መዝሙር በአምስት ቋንቋዎች የተጻፈበት ብራና ይገኛል። በገጾቹ ላይ ግዕዙ ከሱርስት፣ ከቅብጥ፣ ከዐረብኛና ከአርመንኛ ጋር ጎን ለጎን ተሰልፎ ይነበባል።