ትን ሲል፦ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትና የመዋጥ ችግር

መዋጥ ሳናስበው የምንሠራው ሥራ ነው። ጉርሱ ከምላስ ጀርባ ሲደርስ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳል፣ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፣ ምግቡም ወደ ጨጓራ መንገዱን ይይዛል። በጉሮሮ በኩል ያለው ጉዞ በ1 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ከ20 በላይ ጡንቻዎች ተናበው መሥራት አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ሰውየውን ትን ይለዋል። ባስ ሲል ይታነቃል።

ስኪዞፍሬኒያን የመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል በምግብ ታንቀው የሚሞቱት ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ሕመሙም መድኃኒቱም ድርሻ አላቸው።

ከመድኃኒቱ እንጀምር። ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 ለአእምሮ ሕክምና ዋለ፤ ሃሎፐሪዶልና ሌሎቹ ተከተሉት። እነዚህ መድኃኒቶች ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሥራ ያግዳሉ። በሕመሙ ሰበብ በጆሮ የሚሰማውን ድምፅና ጥርጣሬውን የሚያረግበው ይኸው ነው። ችግሩ ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ይመራል። ሥራው ሲታገድ ፊት ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል። እጅና እግርን ያዘገየ ነገር ምላስንና ጉሮሮንም አይምርም።

መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንገት፣ የምላስ ወይም የጉሮሮ ጡንቻ ድንገት ጨምድዶ ሊይዝ ይችላል። ይህ ድንገተኛ ሕክምና ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ቶሎ ይለቃል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደግሞ ምላስና ከንፈር በራሳቸው የሚንቀሳቀሱበት ሌላ ችግር ሊመጣ ይችላል።

ምራቅም የራሱ ጣጣ አለው። መንቀጥቀጡን ለማስታገስ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል አፍን ያደርቃል፤ ደረቅ ዳቦ በደረቅ አፍ አይወርድም። ክሎዛፒን የተባለው ሌላው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በተቃራኒው ምራቅ ያበዛል። ጠዋት ትራሱ ርሶ ይገኛል። ከትራሱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በእንቅልፍ ልብ ወደ ሳንባ የሚገባው ነው። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ንቃትን ስለሚቀንሱ ሳል ይደክማል። አንዳንዱ ሰው ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ ጭራሽ አያስለውም። እንዲህ ያለው ሰው የሚታወቀው ሳንባ ምች ሲመላለስበት ነው።

አሁን ማዕዱ ላይ እንየው። ሰውየው ዳቦውን ይገምጣል። ሳያኝክ ሌላ ይጨምራል። ጉንጩ ሞልቷል፤ እጁ ግን ሦስተኛውን ይዟል። አጠገቡ ያለው ሰው «ምን ያጣድፈዋል?» ይላል፤ ስስት ይመስለዋል። አይደለም። ጥድፊያው ከሕመሙ ሊመጣ ይችላል፣ አንዳንዱ መድኃኒትም ረሃብ ይጨምራል። ጥርስ ከጎደለ ደግሞ ማኘክም ከባድ ነው። ቁጣ እዚህ ላይ ፋይዳ የለውም። ምግቡን አሳንሶ መቁረጥ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግና አብሮ ቀስ ብሎ መብላት ይሻላል።

ክኒኑ ራሱም ይቀረቀራል፣ በተለይ ተጋድሞ በአንድ ጉንጭ ውኃ የዋጠው። ቁጭ ብሎ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ መዋጥ፣ ከዚያም 30 ደቂቃ ያህል አለመተኛት ነው። «አልወርድ ካለ እንፍጨው» የሚለው መላ ሁልጊዜ አይሠራም። ለምሳሌ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ የሊቲየም (የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት) ክኒን ከተፈጨ መድኃኒቱ ባንዴ ይለቀቃል። በፈሳሽ፣ አፍ ውስጥ በሚሟሟ ክኒን ወይም በመርፌ የሚሰጡ አማራጮች ስላሉ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ነው። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆም ግን ሕመሙ እንዲያገረሽ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል።

የታነቀ ሰው መናገርም መሳልም ካቃተው ጊዜ የለም። ጎንበስ አድርጎ በትከሻዎቹ መሀል ጀርባውን 5 ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት፤ ካልወጣ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት ከፍ ብሎ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን። እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን ማፈራረቅ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። ራሱን ከሳተ ደረትን ወደ መጫን ይታለፋል። ከተረፈም በኋላ ሐኪም ይየው፤ ሆዱ ሲጫን የውስጥ አካል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝርም አብሮት ይሂድ።