ፓምፑ ሲንቀጠቀጥ ኩሽኔታው ላይ አትፍረዱ

«ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታው ይቀየር።» ይህን ትእዛዝ መስማት ሰልችቶኛል። ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት፣ አልቆ ይሆናል፤ ማን እንደጨረሰው ግን የሚጠይቅ የለም።

ማንኛውም ሴንትሪፉጋል ፓምፕ፣ ማለትም ውሃውን በማሽከርከር የሚገፋ ፓምፕ፣ ከሁሉ የሚስማማው አንድ የፍሰት መጠን አለው፤ ቅልጥፍናው ከፍተኛ የሚሆንበት ነጥብ ነው፤ አምራቹ በሚሰጠው የፓምፑ ግራፍ ኩርባ ላይ ይገኛል። በአብዛኛው ከዚያ መጠን ከ70 እስከ 120 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ማሠራት ይመከራል። ፍሰቱ ከዚህ እጅግ ሲያንስ ውሃው በኢምፔለሩ (እየዞረ ውሃውን በሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ) መግቢያና መውጫ ላይ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሽከረከራል፤ ግፊቱም ከፍ ዝቅ ይላል። በኢምፔለሩ ዙሪያ ያለው ግፊት እኩል ስለማይሆን ሻፍቱ፣ ማለትም ዘንጉ፣ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ዱላው የሚያርፈው በኩሽኔታውና ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ በሚያደርገው ሲል ላይ ነው።

ፍሰቱን ያሳነሰው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ «ትልቅ ፓምፕ ለክፉ ቀን» የሚለው ገዢ ነው። ንድፍ አውጪው ለመጠባበቂያ ትንሽ ይጨምራል፤ አለቃው ሌላ ይጨምርበታል፤ ገዢው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መጠን ያዛል። ያ ሁሉ ጉልበት ሲበዛ ኦፕሬተሩ ቫልቩን ጠርቅሞ ይቀመጣል።

ኩሽኔታው በተደጋጋሚ የተቀየረለትን አንድ ፓምፕ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። የመግፊያ ቫልቩ በጥቂቱ ብቻ ተከፍቷል፤ የግፊት መለኪያው ቀስት ቁጥሩ እስከማይነበብ ድረስ ይርገበገባል። ወደ ታንከሩ የሚመልሰውን መስመር ስናስከፍት በፓምፑ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ጨመረና ቀስቱ ረጋ። ኩሽኔታ አልነካንም። በኋላ ኢምፔለሩ በቶርኖ ተላጭቶ ዲያሜትሩ ቀነሰ፤ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። አምራቹ ከሚፈቅደው በላይ ግን አትላጩ፤ ቅልጥፍናውን ታጣላችሁ።

«ባላንስ ይሠራለት»፣ ማለትም የሚዞረው አካል ክብደት በዙሪያው ይመጣጠን፣ የሚለውም የተለመደ መፍትሔ ነው። መጀመሪያ ንዝረቱን ለኩ። በደቂቃ 1,480 ጊዜ የሚዞር ፓምፕ በሴኮንድ 25 ጊዜ ያህል ከነዘረ ባላንስን መጠርጠር ያስኬዳል። ባለ 6 ክንፍ ሆኖ በሴኮንድ 148 ጊዜ ከነዘረ ግን እያንዳንዱ ክንፍ በፓምፑ ገላ ምላስ (ውሃው ወደ መውጫው በሚለይበት ሹል ጠርዝ) አጠገብ ባለፈ ቁጥር ግፊቱን እየመታ ነው። ይህን ባላንስ አያድነውም፤ በክንፉ ጫፍና በምላሱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ።

ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ያህል ሲጮህ «ጠጠር ገብቶበታል» ይላሉ። አልገባበትም። በመሳቢያው በኩል ግፊቱ ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ አረፋዎቹ ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ እየፈረሱ ብረቱን ይቦረቡራሉ። ስለዚህ ፍሰት ለመቀነስ የመሳቢያ ቫልቭ አይዘጋም፤ በፍጹም። ክርንም (የቧንቧ ማጠፊያ) በመሳቢያው አፍ ላይ አትግጠሙ፤ ከቧንቧው ዲያሜትር ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ርዝመት ተዉለት።

ቧንቧው ከፓምፑ ጋር በብሎን የሚያያዝበት ክብ ብረት ፍላንጅ ይባላል። «ፍላንጁ ካልገጠመ ብሎኑ ይስበዋል» ይላሉ። ይስበዋል፤ የፓምፑንም ገላ አብሮ ያጣምመዋል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ፓምፑን አቁሞ፣ መስመሩን ዘግቶና ግፊቱን አስተንፍሶ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር በሚያያይዘው ኮፕሊንግ ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በቀስት የሚያሳይ መለኪያ) ይትከልና የፍላንጁን ብሎኖች ያላላ። ቀስቱ ከተንቀሳቀሰ መስተካከል ያለበት ቧንቧው ነው።