በአሜሪካ የቤንዚን ታክስ፦ ለመንገዱ የሚከፍለው ማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ቤንዚን ስትቀዱ በጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) 18.4 ሳንቲም የፌዴራል ታክስ ትከፍላላችሁ። ናፍጣ ላይ 24.4 ነው። ስቴቶች የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። አብዛኛው ገንዘብ ለመንገድ ይውላል።

ብዙ ሰው የሚምታታበት ግን እዚህ ጋ ነው፤ ታክሱ በመቶኛ አይሰላም። ቤንዚን እጥፍ ቢወደድም ያው 18.4 ሳንቲም ነው። ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አልተነካም። አስፋልት ማንጠፍ ደግሞ በየጊዜው ተወዷል። ስለዚህ ከ2008 ጀምሮ ኮንግረስ ጉድለቱን ከአጠቃላይ በጀት ሲሞላ ቆይቷል። መኪና የሌለውም ይከፍላል ማለት ነው።

ፍትሐዊ ነው ወይ? በዓመት 12,000 ማይል እንነዳለን እንበል። በጋሎን 25 ማይል የምትሄድ አሮጌ መኪና ወደ 88 ዶላር ትከፍላለች። 50 የምትሄድ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሠራ) 44። የኤሌክትሪክ መኪና ዜሮ! መንገዱ ግን ያው አንድ መንገድ ነው። አዲስ መኪና መግዛት ያልቻለው ሰው ብዙ መክፈሉ ለእኔ አይዋጥልኝም።

አንዳንድ ስቴቶች ከኤሌክትሪክ መኪኖች ዓመታዊ ክፍያ ይሰበስባሉ። ኦሪገን ደግሞ በ2015 ፈቃደኛ አሽከርካሪዎችን በነዱት ማይል ልክ ማስከፈል ጀምራለች። እሱ ይሻላል፤ የት የት እንደዋልን የሚቆጥር መሣሪያ መኪና ውስጥ ማስገባቱን የሚወድ ባይበዛም።